አጥር ላይ የተሰጡት ፊልሞች

ከቁስቋም ቅዳሴ ወጥቼ ቁልቁለቱን ስወርድ መሪጌታ ኃይለ ጊዮርጊስን አገኘኋቸው። የወዳጄ የህሩይ አባት ናቸው። ህሩይ ከጃናሞራ ሲመለስ የተሳፈረበት መኪና ተገልብጦ ከሞተ ወዲህ ብዙም ከቤት አይወጡም ነበር። የዚያን ዕለት ግን ነጠላቸው ውስጥ አንድ ነገር ታቅፈው ይሄዳሉ። ገለጥ ሲያደርጉት የህሩይ ካሜራ ነው።

«እግዜር ነው ያመጣህ፣ ክንዱ» አሉኝ። «የዚህ ክዳን እምቢ ብሎኝ ወደ ሰዓት ሠሪው ልወስደው ነበር። ያንተ ጣት ለምዷል፣ ክፈትልኝ።»

«ምነው፣ የኔታ? ለምን ይከፈታል?»

«ተዝካሩ ደረሰ አይደል? በእኛ ቤት የሟች ዕቃ ተዘግቶ አይቀመጥም። ተከፍቶ፣ ፀሐይ መትቶት፣ ከዚያ ለነዳያን ይሰጣል። ሳጥኑን ከፈትሁ፣ ቦርሳውን ከፈትሁ። የቀረኝ ይኸ ነው።»

ካሜራውን ተቀብዬ የምት ቁጥሩን አየሁ። ውስጡ ፊልም አለ፤ ገና አልታጠበም። ወዲያው ሌላ ነገር ትዝ አለኝ።

«ቦርሳው ውስጥ የነበሩት ትንንሽ ጣሳዎችስ፣ የኔታ?»

«እነሱማ ቀላል ነበሩ። ሸዋአየሁ ክዳናቸውን በቢላ አነሳችልኝ። ውስጣቸው ያለውን ፊልም ጎትቼ ጎትቼ ባየው አንድ ምስል የለበትም። ልጄን ባዶ ነገር ሲሸጡለት ኖረዋል። ነፋስ ይምታው ብዬ አጥሩ ላይ ሰጥቼዋለሁ።»

 ተከትያቸው እስከ ቤት ሄድሁ። አጥሩ ላይ የህሩይ ሱሪና ሹራብ ታጥበው ተሰጥተዋል። በልብሶቹ መካከል ፊልሞቹ ተንጠልጥለዋል፤ የረፋዱ ፀሐይ ያብለጨልጫቸዋል፣ ነፋሱ ያወዛውዛቸዋል። አጥሩ ሥር መሬት ላይ ተቀመጥሁ፤ የኔታ ካሜራውን ከእጄ ተቀብለው ወደ ደጃፉ መደብ ሄዱ።

ሸዋአየሁ ከቤት ወጣች። የህሩይ ታናሽ ናት፣ ማራኪ የሚባለው ሰፈር ካለው ዩኒቨርሲቲ ትሠራለች።

«አመመህ እንዴ?» አለችኝ።

«ሸዋዬ፣ እነዚህ እኮ ፎቶ ነበሩባቸው።»

«ባዶ ናቸው። እኔም አይቻቸዋለሁ።»

«ያልታጠበ ፊልም ለዓይን ባዶ ነው። ብርሃን ካየ ደግሞ ያለበት ሁሉ ይጠፋል። ጠፍቷል።»

አፏን በነጠላዋ ያዘች። ተምራለች፣ ኮምፒውተር አዋቂ ናት፤ ግን ፎቶ ለእሷ ስልክ ውስጥ ያለ ነገር ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። እኔ ፊልም ማጠብ የተማርሁት ከማንም አይደለም፤ ከህሩይ ጋር እያበላሸን ነው የለመድነው። ስለዚህ ባለማወቃቸው አልፈርድም። የሟችን ዕቃ ማናፈስም ክፉ ልማድ አይደለም፤ ብዙ ቤት ከበሽታ አድኗል። ጥፋቱ ሳይጠይቁ ሁሉንም ዕቃ እንደ ልብስ መቁጠር ነው።

የኔታ ከመደባቸው ላይ ተቀምጠው ሰምተውናል።

«ምን ነበረበት?» አሉ።

«የተወለዱበት ደብር ነዋ፣ የኔታ። ጃናሞራ የሄደው ለዚያ አይደል? የሣር ክዳኑ ሳይወርድ፣ የግድግዳው ሥዕል ሳይለሰን ላንሳው ብሎ።»

 ባላገሩ ሣሩን አውርዶ ቆርቆሮ እንደመታ፣ ግድግዳውንም በሲሚንቶ እንደለሰነ በለቅሶው ሰሞን የመጡ ዘመዶቻቸው ለየኔታ ነግረዋቸው ነበር። ደስ ብሏቸው መርቀዋቸዋል።

አሁን ግን ቆጣ አሉ። «ለድንጋይና ለሣር ብሎ ሞተ በለኛ። ግንብ እንደሆነ አለ፤ የእቴጌ ምንትዋብ ግቢ ከቤቴ ደጅ ነው፣ ዓይን ያለው ያየዋል። ደግሞ ያን ልምላሜ አመድ አስመስሎ ጥቁርና ነጭ ማንሳት ምን ይባላል? ስልኩ በቀለም ያነሳ የለም?»

«እኔም እሱን ስለው ይስቅብኝ ነበር» አለች ሸዋአየሁ።

«ቀለም ሲቀር ድንጋዩ እንዴት እንደተጠረበ ይታያል ይል ነበር» አልኋቸው። «ጠባዩ ነው፣ አልከራከርዎትም። ግንቡ አለ ላሉት ግን፣ የጃናሞራውም ደብር ህሩይ ሲያነሳው ነበር።»

«ቆርቆሮው አያፈስም። ሣሩ በየክረምቱ ያፈስ ነበር፣ ካህናቱ በዝናብ ቆመው ይቀድሱ ነበር። ይመለስ ትላለህ?»

«አልልም። ይታደስ። ከመታደሱ በፊት ግን መልኩ ይያዝ ነው የምለው። እርስዎ ያረጀ መጽሐፍ ሲያስገለብጡ አሮጌውን ብራና አስቀድመው ያቃጥሉታል?»

«ምን ነካህ? ተገልብጦ፣ ከአሮጌው ጋር ቃል በቃል ተመሳክሮ ነው እንጂ።»

«ህሩይ ሲገለብጥ ነበር።»

ቀና ብለው አዩኝ። ካሜራው ጉልበታቸው ላይ ነበር፤ አውራ ጣታቸው አሁንም ክዳኑን ይነካካል።

«ይኸስ? ይኸም ባዶ ሆኖ ብናገኘውስ? ሁለተኛ ልቀብረው ነው?»

ያን ጊዜ ፍርሃታቸው ገባኝ። ተስፋ ከማድረግ ከፍተው ቢገላገሉት ይሻላቸው ነበር።

«የኔታ፣ ዳዊትዎ የት አለ?»

በበሩ በኩል፣ ግድግዳው ላይ በቆዳ ማኅደሩ የተንጠለጠለውን አሳዩኝ።

«ለምን ማኅደር ውስጥ ገባ? አይናፈስም?»

«ፀሐይና ጢስ ይበላዋላ።»

«የፊልምም ማኅደሩ ጣሳው ነው። የዚህኛው ማኅደር ካሜራው ነው።»

ጣታቸውን ከክዳኑ ላይ አነሱ።  ከዚያ ካሜራውን በሁለት እጃቸው ሰጡኝ፤ «እጠበው» አሉ።

የማጠቢያ ዕቃዬን ከቤቴ አምጥቼ እዚያው ጓዳ ውስጥ አጠብሁት። እጅጌ ባለው ጥቁር ከረጢት ውስጥ ፊልሙን በዳሰሳ አውጥቼ ማጠቢያው ጣሳ ውስጥ ከተትሁ፣ መድኃኒቱን ጨመርሁ። እርጥቡን ፊልም ወደ መስኮቱ ሳነሳላቸው ግን የኔታ ወደኋላ አሉ። ሰማዩ ጥቁር፣ ጥላው ነጭ፣ የአንድ ቄስ ፊት ከሰል፣ ጺማቸውም ጥቁር።

«ይኸ የሲኦል አገር ነው» አሉ።

«ሲታተም ይገለበጣል፣ የኔታ። ጨለማው ብርሃን ይሆናል። አንዲት ሌሊት ይታገሡኝ።»

በማግስቱ የታተሙትን ይዤ ስመጣ ደጃፉ ላይ ቆመው ነበር። አንድ በአንድ አዩ። የጃናሞራ ገደል ከነጉሙ። የገብስ አውድማ። ከአሮጌው ደብር የቀረችው አንዲት ፎቶ ብቻ ናት፤ ምዕራብ በሩ፣ በላዩም የሣሩ ክዳን ጫፍ። የውስጡ ሥዕል ሁሉ አጥር ላይ ቀርቷል። የመጨረሻዋ ፎቶ ደግሞ አንድ ወይራ ሥር ያለ፣ መካከሉ በመቀመጥ ብዛት የተበላ ድንጋይ ናት። እኔ ፊልም መጨረሻ ላይ የባከነ ምት መስሎኝ ነበር።

የኔታ ግን ፎቶዋን ከእጄ ነጠቁኝ።

«ዳዊት የተማርሁበት ድንጋይ ነው። ገና ትንሽ ልጅ ሳለ ነግሬዋለሁ። የሚሰማኝ አይመስለኝም ነበር።» ወደ ሸዋአየሁ ዞሩ። «ዘመዶቻችን ድንጋዩን ለአዲሱ ደጀ ሰላም መሠረት አስገብተነዋል ነው ያሉኝ። ደግ አደረጋችሁ ብያቸዋለሁ።»

ፎቶዎቹን እንደገና ከመጀመሪያው ጀምረው አገላበጡ።

«እሱስ የታለ? የእሱ መልክ የለም?»

«እሱ ከዚህ ወገን ቆሞ ነበር፣ የኔታ። አሁን እርስዎ ያሉበት ቦታ።»

በተዝካሩ ዕለት ዳሱ ውስጥ ሕዝቡ በልቶ ሳይነሳ የኔታ ተነሥተው ያደረጉትን አልሸሸጉም። «ልጄን መኪና ገደለው፤ የሠራውን ግን እኔ ነኝ የገደልሁት» አሉ። ከዚያም ሕዝቡን መከሩ። የሟች ዕቃ ከመከፈቱ በፊት ሥራውን የሚያውቅ ሰው ይጠየቅ። ደብር ሲታደስ ከውስጥም ከውጭም ፎቶ ይነሣ፣ አንዱ ቅጂ ለደብሩ፣ ሌላው ለሌላ ደብር ይሰጥ፤ አንዱ ቤት ቢቃጠል በሌላው ይገኛል። ለተዝካሩ የመጡት ጃናሞራዎች የደብሩን ፎቶ ቅጂ ወሰዱ። ምዕራብ በሩን ሊያጠብቡት የነበሩት ግንበኞች ፎቶዋን አይተው እንደ ጥንቱ አሰፉት ሲሉ ሰምቻለሁ። ከዚያ ወዲህ ከሦስት ደብር ተጠርቼ ሄጃለሁ። ማን እንደላካቸው አይነግሩኝም፤ አውቃለሁ።

እንግዳው ተበትኖ ልሰናበት ስል የኔታ አጥሩ ሥር ነበሩ። ፊልሞቹን ከእሾሁ እያላቀቁ፣ እየጠቀለሉ ወደየጣሳቸው ይመልሳሉ።

«የኔታ፣ እነዚያ እኮ አሁን ባዶ ናቸው» አልኋቸው።

«አውቃለሁ» አሉ። የመጨረሻውን ጣሳ ከድነው ወደ ቤት ገቡ፤ ዳዊታቸውን ከማኅደሩ አውጥተው በብብታቸው ያዙና ጣሳዎቹን በዳዊቱ ቦታ ከተቱ።