ሞተር አጥፍቶ መውረድ

ከጣርማ በር ዋሻ ወጥተን ወደ ደብረ ሲና ቁልቁለቱን እንደያዝን የሚኒባሱ ሞተር ዝም አለ። ከሾፌሩ አጠገብ የተቀመጡት ሽማግሌ ዞር አሉ።

«ተበላሸ እንዴ ልጄ?»

«አጥፍቼው ነው አባባ። ቁልቁለት ላይ ናፍጣ ለምን ይጠጣል?»

«ፍሬኑስ?»

«ይግላል። ታች ስንደርስ ውሃ አፈስበታለሁ።»

«ሚስትህ ይህን ታውቃለች?»

«እሷማ ናፍጣው በረከተልን ብላ ለማርያም ሻማ ታበራለች።»

«ማርያምንስ ለምን ታስቸግራለህ? በል አስነሳው።»

«አባባ፣ ማደያ ሰልፍ ላይ ማደር ሰለቸኝ። ደግሞስ እስካሁን ምን ሆንኩ?»

«የሆነውማ ተመልሶ አይነግርህም።»

ሾፌሩ በድካም ሳቀ። «ይኸው ልንደርስ ነው እኮ» አለ።

እኔ ለልጄ ልደውል ስልኬን አወጣሁና፣ ምን እንደምላት ሲጠፋኝ መልሼ ጉያዬ ከተትኩት።