የአራስ እህል

ከሽሮ ሜዳ ወደ ቁስቋም በሚወጣው ታክሲ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠችው ሴትዮ የዱቄት ከረጢቷን እግሬ ላይ አሳርፋዋለች። ይቅርታ እንኳን አላለችም። ከወዲያ በኩሏ ያሉት እናት አሸተቱና ጠየቋት።

«ገብስ ነው፣ ልጄ?»

«አዎ እማማ። የገንፎ ነው።»

«እሰይ! ማን ልትወልድ ነው?»

«እኔ እወልዳለሁ ብዬ ነበር ያዘጋጀሁት።»

«ነፍሰ ጡር ነሽ እንዴ?»

«ኧረ አይደለሁም። ግን በየዓመቱ ገብስ ገዝቼ እለቅማለሁ፤ አምሼ አስፈጫለሁ። ማርያም ስትመጣ ቤቴ ባዶ ሆኖ እንዳያሳፍረኝ ብዬ።»

«ጎረቤት አልሳቀብሽም?»

«ስቋል። የለመነ ሰው ዕቃውን ይዞ ይጠብቃል እላቸው ነበር። ባሌም እስከ አምና አብሮኝ ይለቅም ነበር።»

«ዘንድሮስ?»

«ዘንድሮ ለብቻዬ ለቀምኩ።»

«ታዲያ አሁን ወዴት ይዘሽው ነው?»

«ቁስቋም አንዲት ልጅ ትናንት ወልዳለች። የሚያርሳት ሰው የላትም አሉኝ።»

«ዘመድሽ ናት?»

«የወለደችው የባሌን ልጅ ነው።»

እናትየው ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳቡ። 

«እና አንቺ ገንፎ ልታገነፊላት?» አሏት።

«ምን ላድርግ እማማ? ማርያም እንደሁ መጥታለች፤ እኔ ቤት አልገባችም እንጂ። እህሉ የአራስ ነው፤ ለሌላ ምን ይሆነኛል?»

እግሬ ላይ የከበደኝን ከረጢት ቀስ ብዬ አነሳሁና እስከ ቁስቋም ድረስ ጉልበቴ ላይ ይዤው ሄድኩ።