ኮክ ወደማይበቅልበት አገር

የጉልሚት መንደሩ አዛውንት ቀምበር ከጸሎት ሲመለሱ፣ በመካኒኩ በር ላይ የቆመችውን ነጭ ፒካፕ እንዳላዩ ሊያልፏት ነበር። የሚስታቸው የወንድም ልጅ ዲዳር ግን ከሥሯ ብቅ አለ። ከተማ ተምሮ የተመለሰው ይህ ወጣት የሚከራከረው ሰው ካገኘ ምሳውንም ይረሳል።

«አጎቴ፣ ትሸጣለች አሉ። አይገዟትም?»

«ጠላቴ ይግዛት! ለእኔ ለሽማግሌው ምን ትሠራልኛለች?»

«እሱንማ እርስዎ ያውቁታል።»

ያውቁታል እንጂ! ልጃቸው ቱህፋት ላይኛው ሸለቆ ቻፑርሳን፣ ኮክ ወደማይበቅልበት ብርድ አገር ከተዳረች ወዲህ፣ ዛፉ ፍሬው በበሰለ ቁጥር ሆዳቸው ይባባል። የመጀመሪያው ኮክ ለተዳረች ልጅ ነው፤ የቤታቸው ወግ ነው። የመንገደኛው ጂፕ ግን ቅርጫቱን ከዱቄት ጆንያ ሥር ይከተዋል፤ ሲደርስ ጭማቂ ብቻ ነው። ስለዚህ ደረቁን ይልካሉ። እሷም በስልክ «ደርሶኛል አባዬ፣ ይጣፍጣል» ትላለች፣ ድምጿ እየተቆራረጠ።

«እሺ ተምረሃል» አሉ ቀምበር፣ «ጉድለቷን ሳትደብቅ ንገረኝ።»

«አልደብቅም። ነዳጅ ትጠጣለች። ጋቢናዋ ነጠላ ስለሆነ ትርፍ ሰው ካሶኒው ላይ አቧራ ይቅማል። በረዶ ሲጥል ባዶዋን ከሄደች ኋላዋ ይንሸራተታል፤ ድንጋይ መጫን ነው።»

«ታዲያ ለምን ትልቁን ደብል ጋቢና አትመክረኝም?»

«በእኛ ሰፈር የድንጋይ አጥር መሀል በየት ይገባል? አህያዎ እንኳን ጆሮዋን አጥፋ ነው የምታልፈው!»

ቀምበር ሳይወዱ ሳቁ። «ጎረቤቱስ? መኪና ያለው ሰው የሁሉ ሹፌር ነው። ‹ቀምበር፣ ስሚንቶዬን! ቀምበር፣ አማቴን!›»

«ማለቱንማ ይላሉ። ግን አምና ጎረቤትዎን ምጥ ሲይዛት በቃሬዛ የተሸከምናት እኛ አይደለንም? ያን ቀን መኪና ያለው ሰው ቢገኝ እግሩን እንስም ነበር።»

አዛውንቱ የሆዳቸውን አወጡት።

«ስማኝ ልጄ። መለያየት አንዴ ይበቃል። የተዳረች ዕለት አልቅሼ ጨርሻለሁ። መኪና ከገዛሁ እሄዳለሁ፤ ከሄድኩ መመለስ አለ። በየጊዜው በሯ ላይ ቆማ ስትሸኘኝ ማየት አልችልም። ናፍቆቱ ይሻለኛል።»

«እርስዎ መመለስዎን ያስባሉ። እሷ ግን መንገድ መንገዱን የምታየው መምጣትዎን ብላ ነው። እንዳንለያይ ብሎ ሳይገናኙ መቅረት ምን ይባላል?»

ሰው ናፍቆቱን ታቅፎ ሲኖር ትዕግሥት ይለዋል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ፍርሃት ነው። ቀምበርም ይህ ገባቸው መሰለኝ፣ መዳፋቸውን በፒካፕዋ ጎን ላይ አሳረፉ።

«እስቲ ሞተሯን አስነሳት» አሉ።

ኮኩ ሲበስል ዲዳር እየነዳ፣ ቀምበር ጋቢና ተቀምጠው ወጡ። ፍሬው ገለባ ላይ ተደርድሮ አንዱም ሳይፈርጥ ደረሰ። ለመልሱ አማቻቸው የድንች ጆንያ ጫነላቸው፤ ገበያ ሲወርድ ነዳጁን ይችላል፣ ድኻውን ሸለቆም ከገዢ ያገናኛል። ጠቃሚ ነገር በአንድ በኩል ብቻ አይጠቅምም።

ቱህፋት ኮኩን ሳታጥበው ነከሰችው። ጭማቂው በአገጯ ሲወርድ አልጠረገችውም። ከዚያ ዓይኗ እንባ እንዳቀረረ «ወደ ጉልሚት መቼ ይመለሳሉ?» አለች።

«እሱን ተይው። ‹መቼ ይመጣሉ› በይኝ።»

«መቼ ይመጣሉ፣ አባዬ?» አለች፣ ገና ሳይሄዱ።