ጦሳ ላይ በቴሌስኮፕ ያየኋት የረመዳን ጨረቃ

እስካሁን ሳስበው ውርር ያደርገኛል። የረመዳንን ጨረቃ ልናይ ከጎረቤታችን ከሐጂ ጋር ደሴ ጦሳ ተራራ ላይ ወጣን። ፀሐይ እንደጠለቀች፣ ከሰኞ ገበያ በርካሽ የገዛኋትን ትንሽ ቴሌስኮፕ ከቦርሳዬ አውጥቼ ወደ ምዕራብ አነጣጠርኩ። ቀጭን ጨረቃ! ኮምቦልቻ ላለችው እህቴ ወዲያው ደውዬ «ነገ ጾም ነው፤ ወላሂ በዓይኔ አየኋት!» አልኳት።

ሐጂ አጎንብሰው አዩ። ከዚያ ቀና ብለው ያነጣጠርኩበትን ሰማይ በባዶ ዓይናቸው ፈተሹ።

«ልጄ፣ ይቺ እኮ የምሽቷ ኮከብ ናት!»

ኮከብም እንደ ጨረቃ ይጎድላል እንዴ? ለካ ይቺኛዋ በቴሌስኮፕ ስትታይ አንዳንዴ እንደ ቀጭን ጨረቃ ትጎድላለች።

«ሐጂ፣ በሐሰት ማልኩ! ምን ላድርግ ይላሉ?» ብዬ መልሼ ልደውል ስል ክንዴን ያዙኝና ከኮከቧ በታች ወደ አድማሱ ጠቆሙኝ። ክር የመሰለች ጨረቃ ያለ ምንም መነጽር ትታያለች።

«ያቻትልህ፤ አሁን ማል።»