ጳጉሜን የሳተው ፕሮግራም

ለእናቴ የዓይን ጠብታ ልገዛ ጊዮርጊስ አጠገብ አንድ መድኃኒት ቤት ገባሁ። ባለቤቷ፣ በዕድሜ ጠና ያሉ ሴት፣ ኮምፒውተራቸውን አይተው ጠብታውን ሰጡኝ። ስክሪኑን ሳይ ደነገጥኩ፤ እኔና ጓደኞቼ ሠርተን በነፃ የለቀቅነው ፕሮግራም ነው፣ ያውም አሮጌው ቅጂ። ይህ ቅጂ ጳጉሜ ሲገባ ቀን ይስትና ጊዜው ያለፈበትን መድኃኒት «ደህና ነው» ይላል። ስህተቱን ያረምነው አዲሱ ላይ ብቻ ነበር። ያን ዕለት ደግሞ ጳጉሜ ነው። ካርቶኑን አገላብጬ አየሁ።

«እትዬ፣ ይሄ እኮ ጊዜው አልፏል።»

መነጽራቸውን አድርገው አዩት። «ውይ በሞትኩት! ይሄንኑ ጠዋት ለጎረቤቴ ሰጥቻታለሁ!» ብለው ደወሉላት። ደግነቱ ገና አልከፈተችውም።

እፎይ ሲሉ «አዲሱን ለምን አልጫኑም?» አልኳቸው።

«ይሄ ኮምፒውተር አይችለውማ ልጄ።»

ላፕቶፔን ባንኮኒው ላይ ዘርግቼ እርማቱን ወደ አሮጌው ላመጣ ሞከርኩ። እንዳለ አልገጥም ብሎ ብዙ አታገለኝ። በመጨረሻ በኮምፒውተራቸው ላይ ጠብታው ጊዜው እንዳለፈ የሚናገር ቀይ ማስጠንቀቂያ በራ። ይመርቁኛል ብዬ ስጠብቅ ከስክሪኑ ቀና ብለው አዩኝ።

«ሌሎቹስ?» አሉኝ። «እንደኔ አሮጌውን የያዙት፣ አንተ ጠብታ የማትገዛባቸው?»

የዘጋሁትን ላፕቶፕ መልሼ ከፈትኩና እርማቱን አሮጌውን ለሚጠቀም ሁሉ ለቀቅኩት።