ኪኒና ሊመልሱ የወጡት የኔታ

የመካነ ሰላም ሰው የኔታ አስናቀውን ሲያይ ዝቅ ብሎ እጅ ይነሣል፤ ግማሹን ከተማ ፊደል ያስቆጠሩ ናቸውና። እኒህ ሰው ታዲያ አንድ ጠዋት የኪኒና ብልቃጥ በነጠላቸው ጠቅልለው ወደ ጤና ጣቢያው ሲገሰግሱ፣ መናኸሪያው በር ላይ ከቀድሞ ተማሪያቸው ከነርስ ወንድማገኘሁ ጋር ግጥም አሉ።

«የኔታ! እንደምን አደሩ? ምነው በጠዋቱ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ይኸን ልመልስ ነው፤ የልጄ የጸደንያ ነው። ከዓረብ አገር ስትመለስ ኤች አይ ቪ ተገኘባትና መድኃኒቱን ስትውጥ ቆየች። አሁን አግብታ ነፍሰ ጡር ናት። ጸበል ስትገባ ‹እምነትሽ ለሁለት አይከፈል፤ ተይው› አልኳት። ከምጥለው ለሌላ ሰው ይሁን ብዬ ነው።»

ወንድማገኘሁ ክው አለ። ቢሆንም የኔታን መቆጣት ነውር ነውና ክንዳቸውን ይዞ ጥላ ሥር አስቀመጣቸው።

«የኔታ፣ ንጉሥ ሕዝቅያስ ለሞት ታሞ ሳለ እግዚአብሔር ምን አለው? ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት።»

«‹ጸሎትህን ሰምቻለሁ፤ እፈውስሃለሁ› ነዋ!» ጥያቄ ሲጠየቁ ደስ ይላቸዋል።

«ከዚያ በኋላ ኢሳይያስ ምን አስደረገ?»

«የበለስ ጥፍጥፍ በእባጩ ላይ...» ብለው ቆም አሉ።

«እምነቱ ለሁለት ተከፈለ እንዴ?»

«አንተ ልጅ፣ ያኔም እንዲሁ ታደርቀኝ ነበር! እሺ፣ ዕድሜ ልክ የሚዋጥስ ምን መድኃኒት ይባላል?»

«እንጀራስ ዕድሜ ልክ አይደል የሚበላ?»

የኔታ ብልቃጡን ከነጠላቸው ፈትተው አገላበጡት። ሐሳባቸው ወደ ኋላ ሄደ። ያኔ የማሕሌቱ ረድፍ ሙሉ ነበር። ታናሽ ወንድማቸው ፈንታሁን ከበሮ ሲመታ እንኳን ክርስቲያኑ ሙስሊሙም ደጅ ወጥቶ ያዳምጥ ነበር። ኧረ ምን ጊዜ ነበር! ከዚያ ያ በሽታ መጣና ዘማሪውን አንድ በአንድ ለቀመው። ፈንታሁንም ጸበል ዳር፣ በእሳቸው እጅ ላይ አረፈ።

«ወንድሜም እኮ አምኖ ነው የተጠመቀ» አሉ ቀስ ብለው። «እምነቱ ጎድሎ ሞተ የሚለኝ ቢኖር በመቋሚያዬ እለው ነበር።»

«የጎደለውማ ይኸ ብልቃጥ ነው፣ የኔታ። ያኔ አልነበረም፤ ዛሬ አለ። ጸደንያ ካቋረጠች በሽታው ያገረሽባታል፤ ወደ ጽንሱም ሊተላለፍ ይችላል። ሳታጓድል ከወሰደች ግን ልጇ ነጻ ሆኖ የመወለድ ዕድሉ ሰፊ ነው፤ እሷም አሳድጋ ትድራለች። ጸበሉን ማን ከለከላት? ሁለቱንም ትያዝ። አብሽሩ፣ አልረፈደም፤ ብቻ ዛሬውኑ ያምጡልኝ፣ ልያት።»

የኔታ ብልቃጡን መልሰው ጠቅልለው ቁልቁለቱን ወደ ጸበሉ ወረዱት። ጸደንያ ተራዋን ስትጠብቅ አገኟት።

«ልጄ፣ ተሳስቼ አሳሳትኩሽ። ተነሽ፣ ወንድማገኘሁ ይጠብቅሻል።»

የጸደንያ እንባ ዱብ ዱብ አለ። «አባዬ፣ ለልጄ ስፈራ እንቅልፍ አጥቼ ነበር። ግን የእርስዎን ቃል ከምሽር ብሞት ይሻለኛል ብዬ ተውኩት።»

የኔታ መቋሚያቸውን ጥለው አቀፏት፤ ሰው ያየኛል ሳይሉ አለቀሱ። ከዚያ ወደ ጸበልተኛው ዞሩ።

«ስሙኝ! ጸበሉንም ጠጡ፣ መድኃኒታችሁንም ዋጡ፤ ሐኪሙንም የፈጠረ እሱው ነው። እኔ አስተማሪው ባላወቅኩት ነገር ልጄ እኔን አክብራ ልትሞት ነበር!»

አንዲት ሴት ከጥጉ ተነሥታ ጫማዋን ፈልጋ አጠለቀችና «የኔታ፣ እኔም አብሬያችሁ ልምጣ?» አለች።