ሐምራዊው ማኅተም

ደብረ ታቦር ላይ ፎቶ ኮፒና ፕሪንት ቤት አለችኝ። አንድ ቀን ከአንበሳሜ የመጡ አዛውንት፣ ከመታጠፍ ብዛት ሊበጠስ የደረሰ የመሬት ውርስ ወረቀት አውጥተው «ልጄ፣ እስቲ ይህን አድስልኝ፤ ነገ ፍርድ ቤት እቀርባለሁ» አሉኝ። ኮፒ ዋናውን አይተካም ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን ሙያዬን ላሳይ ብዬ፣ የደበዘዘውን የቀበሌ ማኅተም ኮምፒውተር ላይ አድምቄ በከለር አወጣሁላቸው። ስክሪኑ ላይ ሐምራዊ የነበረው ማኅተም ወረቀቱ ላይ ሰማያዊ ሆነ። ማን ያስተውለዋል ብዬ ዝም አልሁ። «ነፍስ ዘራህበት፣ ተባረክ!» ብለው መርቀውኝ ሄዱ።

በማግስቱ ተመለሱ። ወንበር ባቀርብላቸው አልቀመጥም አሉ። «የቀበሌው ማኅተም ሐምራዊ ነው፣ ይኸ ሰማያዊ ነው ብለው፣ ዳኞቹ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት አጭበርባሪ አሉኝ። አሁን አሮጌውን ባሳያቸውስ ማን ያምነኛል?» አሉና «የእኔስ ዓይን ደክሟል፣ ቀለም አልለይም። አንተ አላየኸውም ነበር?» ብለው ጠየቁኝ።

«አላየሁም፣ አባቴ» አልኋቸው።

ትክ ብለው አዩኝ። «በዚህ ዕድሜህ! ዓይንህን እግዜር ይማርልህ» ብለውኝ ወጡ። ከልባቸው ነበር ያዘኑልኝ።